ሩብ ዓመትን ከአምናው ራሱ ጋር፦ የቴክኖሎጂ ኩባንያ የሽያጭ ሪፖርት እንዴት ይነበባል?

በኢትዮጵያ የበጀት ዓመት የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ከሌሎቹ ይረዝማል። ሐምሌ 30፣ ነሐሴ 30፣ ጳጉሜን 5፣ መስከረም 30፤ ድምሩ 95 ቀን ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ግን 90 ቀን ብቻ። ስለዚህ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሥር ያለ አንድ የስልክ መሸጫ በየቀኑ እኩል ቢሸጥ እንኳ፣ በሁለተኛው ሩብ ዓመት ሽያጩ ከ5 በመቶ በላይ የወረደ ሆኖ ይታያል። ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ልዩነቱ ከ6 በመቶ ያልፋል። ገበያው አልቀዘቀዘም፤ ቀኑ ነው ያነሰው።

የሽያጭ ሪፖርት ንባብ በአብዛኛው እንዲህ ያለውን ነገር የመለየት ሥራ ነው። ከቱሉ ዲምቱ እስከ ጣፎ፣ ከለቡ እስከ ቡራዩ ስልክና ላፕቶፕ የሚሸጥ ሰው ከአከፋፋዩ «ሽያጫችን አደገ» የሚል ወሬ ይሰማል። በቴሌብር አክሲዮን የገዛ ሰው የስድስት ወርና የዘጠኝ ወር አፈጻጸም ያነባል። ጎሮ አይቲ ፓርክ ያለ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ወጣት ደግሞ ራሱ ሪፖርቱን ያዘጋጃል። ለሦስቱም የሚበጀው አሠራር አንድ ነው።

መጀመሪያ ሠንጠረዡ

ቢያንስ የ12 ሩብ ዓመት፣ ማለትም የሦስት ዓመት ቁጥር ይሰብስቡ። በ8 ሩብ ዓመት ማነጻጸር የሚችሉት 4 ጊዜ ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ አዝማሚያ ለማለት አያስደፍርም። ኤክሴልም ሆነ ደብተር ላይ ለእያንዳንዱ ሩብ ዓመት አንድ መስመር ይስጡና እነዚህን ዓምዶች ያስምሩ፦ የተጀመረበት ቀን፣ ያለቀበት ቀን፣ የቀኑ ብዛት፣ ሽያጭ ያለ ቫት፣ የተሸጠው ዕቃ ብዛት፣ አማካይ ዋጋ፣ የወቅቱ የዶላር ምንዛሪ፣ በመጨረሻው ቀን መጋዘን የቀረው ዕቃ፣ በመጨረሻው ቀን ያልተሰበሰበ ዱቤ።

ቀኖቹን መጻፍ ለምን እንዳስፈለገ አይጠራጠሩ። «አንደኛ ሩብ ዓመት» ማለት በየድርጅቱ ይለያያል። የእኛ መሥሪያ ቤቶች ከሐምሌ 1 ይጀምራሉ። የሳፋሪኮም የሒሳብ ዓመት የሚዘጋው እ.ኤ.አ. ማርች 31፣ በእኛ መጋቢት 22 ነው። የአፕል ዓመት በሴፕቴምበር የመጨረሻ ቅዳሜ ስለሚያልቅ አንደኛ ሩብ ዓመቱ ከፈረንጆች ገና በፊት ያለው የግዢ ወቅት ሙሉውን የሚገባበት ነው። ቀኑን ካልጻፉ የአንዱን የክረምት ሽያጭ ከሌላው የበዓል ሽያጭ ጋር ያጋጫሉ።

ቫትን በተመለከተ፦ የደብተሩ ቁጥር ቫትን የሚጨምር ከሆነ ለ1.15 ያካፍሉት። የፊተኛው ሩብ ዓመት ያለ ቫት፣ የኋለኛው ከነቫቱ የተመዘገበ ከሆነ ያልነበረ የ15 በመቶ እድገት ይፈጠራል። ቫት የተመዘገቡበት ወር ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ስህተት ይህ ነው።

ድምሩን መበተን

እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል፤ በእኛ አገር ሪፖርት ትልቁ ወጥመድ ይህ ነውና። አብዛኛው ድርጅት የሚያወጣው የተጠራቀመ ቁጥር ነው፤ የሦስት ወር፣ የስድስት ወር፣ የዘጠኝ ወር፣ የዓመት። ሩብ ዓመቱን ለማግኘት ከኋለኛው ድምር የፊተኛውን መቀነስ የእርስዎ ሥራ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ድርጅት አምና በየሩብ ዓመቱ 18፣ 19፣ 21 እና 24 ሚሊዮን ብር ሸጧል እንበል። ዘንድሮ ደግሞ የሦስት ወር 20፣ የስድስት ወር 43፣ የዘጠኝ ወር 63 ሚሊዮን ብሎ ዘገበ። የስድስት ወሩ ከአምናው 37 ጋር ሲነጻጸር 16 በመቶ አድጓል። የዘጠኝ ወሩም ከአምናው 58 ጋር ሲነጻጸር 8.6 በመቶ አድጓል። ዜናው ሁለቱንም ጊዜ «አደገ» ይላል። ሲበተን ግን ሦስተኛው ሩብ ዓመት 63 ሲቀነስ 43፣ ማለትም 20 ሚሊዮን ነው፤ አምና በዚሁ ጊዜ 21 ነበር። ሽያጩ ወደ 5 በመቶ ወርዷል ማለት ነው። የተጠራቀመው ቁጥር ውድቀቱን በፊተኛው ስድስት ወር ደህና ውጤት ሸፍኖታል።

ከዚሁ ጋር የሚመጣው ደግሞ «የዕቅዱን 99 በመቶ አሳክቷል» የሚለው አነጋገር ነው። የዕቅድ አፈጻጸም እድገት አይደለም። አምና 100 ሚሊዮን የሸጠ ድርጅት ዘንድሮ 90 ሚሊዮን አቅዶ 99 በመቶውን ቢያሳካ የሸጠው 89.1 ሚሊዮን ነው፤ ከአምናው ወደ 11 በመቶ ያነሰ። ይህን መቶኛ ወደ ሠንጠረዡ አያስገቡት፤ የብሩን መጠን ብቻ ይውሰዱ።

ከጎረቤቱ ጋር ሳይሆን ከአምናው ራሱ ጋር

የአፕልን ቁጥር እንይ፤ በአደባባይ ያለና ለማረጋገጥ የሚመች ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ሴፕቴምበር ያለቀው ሩብ ዓመት ሽያጭ 89.5 ቢሊዮን ዶላር ነበር። በዲሴምበር ያለቀው 119.6፣ በ2024 ማርች ያለቀው 90.8 ሆነ። ተከታታዮቹን ያነጻጸረ ሰው መጀመሪያ 34 በመቶ ዘለለ፣ ቀጥሎ 24 በመቶ ወደቀ ይላል። ይህ የኩባንያውን ጤንነት ሳይሆን የበዓሉን ወቅት ነው የሚናገረው።

እያንዳንዱን ካለፈው ዓመት አቻው ጋር ሲያስቀምጡ ሌላ መልክ ይወጣል። የዲሴምበሩ 119.6 በፊተኛው ዓመት 117.2 ነበር፤ 2 በመቶ ጭማሪ። የማርቹ 90.8 ከ94.8 ጋር 4 በመቶ ቅናሽ። የጁኑ 85.8 ከ81.8 ጋር 5 በመቶ ጭማሪ። የሴፕቴምበሩ 94.9 ከ89.5 ጋር 6 በመቶ ጭማሪ።

እዚህም ላይ አይቁሙ፤ አምናው ራሱ ጤነኛ ነበር ወይ ብለው ይጠይቁ። የ2022ቱ የዲሴምበር ሩብ ዓመት 14 ሳምንት ነበረው፤ የተለመደው 13 ነው። በሳምንት ሲካፈል 8.4 ቢሊዮን ይመጣል፤ የ2023ቱ 9.2 ነው። 2 በመቶ የተባለው እድገት ወደ 10 በመቶ ይጠጋል። ይህም ቢሆን በመጠኑ የተጋነነ ነው፤ የተጨመረችው ሳምንት ከበዓሉ በኋላ ያለችው ቀዝቃዛዋ ሳምንት ናትና። በሌላ በኩል በዚያው በ2022 መጨረሻ ቻይና ዠንግዦ ያለው የአይፎን መገጣጠሚያ በኮቪድ ምክንያት ምርቱ ስለተስተጓጎለ የገዢው ፍላጎት ወደ 2023 ማርች ሩብ ዓመት ተሻገረ። ኩባንያው የተሻገረውን ወደ 5 ቢሊዮን ዶላር ገምቶታል። ይህ ከ94.8 ላይ ሲነሳ ወደ 89.8 ይወርዳል፤ የ2024ቱ 90.8 ያን ጊዜ ቅናሽ መሆኑ ቀርቶ የ1 በመቶ ጭማሪ ይሆናል።

ይኸው ነገር በከተማዋ ዳር ዳር ይታያል። አዲስ የኮንዶሚኒየም ብሎክ ሰው ሲገባበት፣ በዙሪያው ያሉ ሱቆች ቴሌቪዥንና የዋይፋይ ራውተር በአንድ ሩብ ዓመት ጠራርገው ይሸጣሉ። በዓመቱ በዚያው ወቅት ሽያጩ በግማሽ ቢወርድ ሱቁ ተዳከመ ማለት አይደለም፤ ሰው አንድ ጊዜ ነው ቤት የሚገባው። ከሠንጠረዡ ጎን «ብሎኩ ሰው የገባበት» ብለው በአንድ መስመር ካልጻፉት፣ በዓመቱ ምክንያቱን የሚያስታውስ አይኖርም።

የወቅቱን ውጣ ውረድ ለማለስለስ ያለፉትን አራት ሩብ ዓመታት ይደምሩ። አዲስ ሩብ ዓመት ሲመጣ አዲሱን ጨምረው ከሁሉም የቆየውን ይጣሉ። የአፕል የአራት ሩብ ዓመት ድምር በ2022 ሴፕቴምበር 394.3 ቢሊዮን ነበር፤ በየሩቡ እየወረደ በ2023 ሴፕቴምበር 383.3 ደረሰ። በ2024 ማርች ወደ 381.6 ዝቅ አለ፤ ከዚያ አንሰራርቶ በሴፕቴምበር 391.0 ሆነ። አንድ ሩብ ዓመት ብቻውን ያልነገረን መታጠፊያ እዚህ ይታያል። እኛ እንደ ልማድ፣ ድምሩ በተከታታይ ሁለት ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ሳይሄድ አቅጣጫው ተለወጠ ብለን አንናገርም።

ብሩ አደገ ወይስ ዕቃው?

ሽያጭ ብዛት ሲባዛ በዋጋ ነው። ሁለቱን ሳይለዩ የትኛው እንዳደገ ማወቅ አይቻልም። አፕል እ.ኤ.አ. በ2017 የሒሳብ ዓመት ወደ 217 ሚሊዮን አይፎን ሸጦ 141 ቢሊዮን ዶላር አገኘ። በ2018 ብዛቱ ወደ 218 ሚሊዮን ብቻ ሲሆን ገቢው ግን ወደ 167 ቢሊዮን ወጣ። እድገቱ ከሞላ ጎደል በሙሉ የዋጋ ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ኩባንያው የስልክ ብዛት መግለጽ እንደሚያቆም አስታወቀ። አንድ ድርጅት ሲዘግበው የነበረውን ቁጥር መዘገብ ሲያቆም ቀኑን ይመዝግቡት፤ ያ ራሱ መረጃ ነው።

በእኛ ዘንድ ዋጋውን የሚገፋው በዋናነት ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ወዲህ ያለ የብር ሽያጭ ከዚያ በፊት ካለው ጋር በቀጥታ አይወዳደርም። የኢትዮ ቴሌኮም ገቢ በ2016 በጀት ዓመት 93.7 ቢሊዮን ብር፣ በ2017 ወደ 162 ቢሊዮን ብር ሆነ፤ 73 በመቶ ገደማ እድገት ነው። የደንበኛው ቁጥር ግን ከ78.3 ሚሊዮን ወደ 83.2 ሚሊዮን፣ ማለትም በ6 በመቶ ነው ያደገው። የቀረው ከታሪፍ ማሻሻያ፣ ከአጠቃቀም መጨመርና ከአዳዲስ አገልግሎቶች የመጣ ነው። አክሲዮን የገዛ ሰው መጠየቅ ያለበት ከነዚህ ውስጥ የትኛው በሚቀጥለው ዓመትም ይደገማል የሚለውን ነው። የታሪፍ ጭማሪ በየዓመቱ አይደገምም።

በአንድ ሱቅ መጠን እንየው። አያት አካባቢ ያለ ላፕቶፕ መሸጫ በ2016 በጀት ዓመት የመጀመሪያ ሩብ 38 ላፕቶፕ በአማካይ በ42,000 ብር ሸጠ እንበል፤ 1,596,000 ብር። በቀጣዩ ዓመት በዚያው ወቅት 31 ላፕቶፕ በ61,000 ብር ሸጠ፤ 1,891,000 ብር። በብር 18 በመቶ አድጓል፤ በብዛት 18 በመቶ ወርዷል። ባለሱቁ ትርፉን ሲያሰላ ዕቃው በድሮው ዶላር የገባ ስለሆነ ጥሩ ያተረፈ ይመስለዋል። አሁን አከፋፋዩ ለአንዱ ላፕቶፕ 66,000 ብር ከጠየቀው፣ ከ31 ላፕቶፕ ያገኘው ብር በሙሉ መልሶ የሚገዛለት 28 ነው። የቤት ኪራይና የሠራተኛ ደመወዝ ገና አልተነሳም። ስለዚህ ከላይ ካስቀመጥናቸው ዓምዶች ጎን «የሸጥኩበት ብር ስንት ዕቃ ይመልሳል» የሚል ዓምድ እንዲጨምሩ አጥብቀን እንመክራለን።

መጋዘኑና ዱቤው

ከአከፋፋይ መጋዘን ወጣ ማለት ለተጠቃሚ ተሸጠ ማለት አይደለም። አምራቹ ለአከፋፋዩ ባስረከበ ቀን ሽያጭ ብሎ ይመዘግባል፤ ስልኩ ግን ሰበታ አንድ መደርደሪያ ላይ ሦስት ወር ሊቀመጥ ይችላል። ሪፖርቱ ላይ ሁለት መስመር ይፈልጉ፤ ክምችትና ያልተሰበሰበ ሒሳብ። ሽያጭ 10 በመቶ አድጎ ያልተሰበሰበው 40 በመቶ ካደገ፣ ድርጅቱ የሸጠው ዱቤ በማላላት ነው፤ ቀጣዩ ሩብ ዓመት ሊቀዘቅዝ ይችላል። በበጀት መዝጊያ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ መሥሪያ ቤቶች ሰኔ 30 ሳይደርስ ኮምፒውተርና ፕሪንተር ስለሚገዙ የአራተኛው ሩብ ዓመት ሽያጭም ያልተከፈለ ሒሳብም አብረው ያብጣሉ። እሱን ከአምናው ሰኔ ጋር እንጂ ከመጋቢት ጋር አያስተያዩት።

ለትዕዛዝ ሲጠቀሙበት

ባለሱቅ ከሆኑ ይህ ሁሉ የሚያበቃው ለመስከረም ትምህርት መክፈቻ ስንት ላፕቶፕ ልዘዝ በሚለው ነው። በሰኔ መጀመሪያ የአምናውን የመጀመሪያ ሩብ ዓመት ብዛት ይውሰዱ፤ በምሳሌያችን 31። ያለቁትን የመጨረሻዎቹን ሁለት ሩብ ዓመታት የተሸጠ ብዛት ደምረው ለአምና አቻዎቻቸው ድምር ያካፍሉ። ውጤቱ 0.9 ከሆነ 31ን በ0.9 ያባዙ፤ 28 ይመጣል። መደርደሪያ ላይ 6 ካለዎት 22 ያዝዛሉ። ከስድስቱ ውስጥ ከዓመት በላይ የቆየ ሞዴል ካለ ግን ከቁጥሩ ያውጡትና ትዕዛዙን በዚያ ልክ ከፍ ያድርጉ፤ ልጁን ዩኒቨርሲቲ የሚልክ ወላጅ አሮጌውን ሞዴል በቅናሽ ካልሆነ አያነሳውም።