ባለቤቴን ስትሮክ ሲመታው የትራውማ ኢንሹራንሱን እንዴት እንደጠየቅን

ማክሰኞ ከንጋቱ 11 ሰዓት ነበር። ባለቤቴ ለታክሲ ሥራው ሲለባብስ የሸሚዙን ቁልፍ ማስገባት አቃተው። አንዷን ቁልፍ ሦስት ጊዜ ሞከረና እጁን የሰው እጅ እንደሚያይ አየው። ቀና ሲል ከንፈሩ ወደ አንድ ጎን ወርዷል። እናቴ አጠገባችን ብትሆን «ምች ነው፣ ዳማ ከሴ አምጡ» ትል ነበር። እኔ የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ስለሆነ ምልክቱን አውቀዋለሁ። ወዲያው የአምቡላንስ መጥሪያው 000 ላይ ደወልኩ። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው በአብዛኛው ሕመሙ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ፊት ከወረደ፣ ክንድ አልነሳ ካለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ፣ ከሁሉ በፊት አምቡላንስ ጥሩ።

እዚህ ሜልበርን የመንግሥት ሆስፒታሉን ሜዲኬር (የመንግሥት የጤና መድን) ይሸፍነዋል። ሞርጌጁን (የቤት ብድሩን) ግን ማንም አይከፍልልህም። አውስትራሊያ ውስጥ ስትሮክ የመታው ሰው የግል መኪና ለመንዳት ቢያንስ 4 ሳምንት መጠበቅ አለበት። ታክሲ ወይም ከባድ መኪና ከሆነ ቢያንስ 3 ወር ነው፤ ያውም ሐኪም ከፈቀደ። ባለቤቴ የሚሠራው ለራሱ ስለሆነ የሕመም ፈቃድ የሚባል ነገር የለውም። እኛን ያቆመን ከአምስት ዓመት በፊት የገዛነው የትራውማ ኢንሹራንስ ነው።

«ትራውማ» ሲባል ብዙ ሰው የመኪና አደጋ ወይም የአእምሮ ጠባሳ ይመስለዋል። እዚህ አገር ግን በውሉ ላይ ስማቸው የተዘረዘሩ ከባድ ሕመሞች ሲደርሱ ገንዘቡን ባንድ ጊዜ የሚከፍል ኢንሹራንስ ነው። ካንሰር፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ)፣ ስትሮክ ዋናዎቹ ናቸው። እድራችን ሰው ሲሞት ይደርሳል፤ ይሄኛው ሰውየው በሕይወት እያለ ነው የሚደርሰው። ወደ ሥራ ይመለስ አይመለስ አይጠይቅም። ገንዘቡን በምን ላይ እንዳዋልከውም አይጠይቅም። ለግልህ የገዛኸው ከሆነ ክፍያው ብዙውን ጊዜ ግብር የለበትም።

አሁን ወደ አሠራሩ። መጀመሪያ ውሉን አውጡና «ስትሮክ» የሚለው ቃል የተተረጎመበትን ገጽ ፈልጉ። ሁሉ ነገር ያለው እዚያ ገጽ ላይ ነው። ብዙ ውሎች ጉዳቱ በሲቲ ወይም በኤምአርአይ እንዲታይ ይፈልጋሉ። የነርቭ ጉዳቱም የሚቆይ መሆን አለበት። ለአጭር ጊዜ መጥቶ የሚሄደው፣ ቲአይኤ የሚሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ አይካተትም። ውሉ በተገዛ በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት የመጣ ስትሮክም በብዙዎቹ አይከፈልበትም። አንዳንዶቹ ደግሞ ታማሚው ከሕመሙ በኋላ 14 ቀን በሕይወት መቆየት አለበት ይላሉ። ገጹን በስልኬ ፎቶ አነሳሁትና ለስፔሻሊስቱ አሳየሁት። «ሪፖርቱን ሲጽፉ እነዚህን ነጥቦች አንድ በአንድ ይመልሱልኝ» አልኩት። ይህን ሳታደርጉ የክፍያ መጠየቂያ ፎርሙን አትላኩ። ሐኪም የሚጽፈው ለሐኪም ነው፤ ኢንሹራንሱ ግን የሚያነበው ውሉን ይዞ ነው።

የሚቆይ ጉዳት መኖሩን ያሳየልን ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። የንግግር ቴራፒስቷ ናት። ባለቤቴ 18 ዓመት የተናገረው እንግሊዝኛ ጠፍቶበት አማርኛው ብቻ ቀረ፤ እሱም እየተቆራረጠ። የምታሳየውን የሥዕል ካርድ እያየ ዝም ይላል። አስተርጓሚ እንዲመጣ ጠየቅኩ። በማግስቱ ጀበናውን፣ ሲኒውንና ማቶቱን ከቤት ይዤ ሄድኩ። ጀበናውን በደህናው እጁ ዳሰሰው፣ አንገቱን ያዘው፣ ብዙ ቆይቶ «ጀ... በና» አለ። አለቀስኩ። እሷ ግን እያንዳንዱን ነገር ጻፈችው፤ የትኛው ቃል እንደወጣ፣ ስንት ጊዜ እንደፈጀበት፣ የትኛው እንዳልወጣ። ያ ሪፖርት ከስካኑ ጋር ተያይዞ ሄደ። ስለዚህ የፊዚዮውንም (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያውንም)፣ የንግግር ቴራፒስቱንም ጽሑፍ ጠይቃችሁ ያዙ።

ለኢንሹራንሱ ቶሎ ደውሉ፤ ሰነድ እስኪሟላ አትጠብቁ። የክሌም (የክፍያ ጥያቄ) ቁጥር ተቀበሉ። በየጊዜው ስትደውሉ ቀኑን፣ ያነጋገራችሁን ሰው ስምና የተባላችሁትን ደብተር ላይ ጻፉ። እኛን ያጉላላን ፊርማው ነበር። ባለቤቴ በግራ እጁ ፈርሞ ላክን። ከመንጃ ፈቃዱ ጋር አይመሳሰልም ብለው መለሱት። ሦስት ሳምንት ሄደ። ቀኝ እጁ የማይታዘዝ ሰው ካላችሁ ከመጀመሪያው ሐኪሙ በደብዳቤ ይግለጽላችሁ። ውክልና ካላችሁ ኮፒውን አያይዙ። ጤነኛ ሳላችሁ ውክልና ብታዘጋጁማ ከሁሉ ይሻላል።

ኢንሹራንሶቹ ከጂፒ (ከቤተሰብ ሐኪሙ) የሕክምና ፋይሉን ያስመጣሉ፤ አትደንግጡ። ውሉን ስንገዛ ባለቤቴ የደም ግፊት ኪኒን እንደሚወስድ በግልጽ ጽፎ ነበር። ወኪሉን አስቸግሬ ያስጻፍኩት እኔ ነኝ። በወር ጥቂት ዶላር አስጨመረብን፤ ፋይሉ ሲመጣ ግን የሚያስይዝ ነገር አልተገኘም። እባካችሁ ግፊትና ስኳር አትደብቁ። አሁን የምትገዙ ከሆነ ሌላም ነገር ጠይቁ፦ ከሕይወት ኢንሹራንስ ጋር የተያያዘ ነው ወይስ ራሱን የቻለ? የተያያዘ ከሆነ ትራውማው ሲከፈል የሕይወቱ መጠን በዚያው ልክ ይቀንሳል። እኛ ይህን ያወቅነው ከተከፈለን በኋላ ነው።

100,000 ዶላር ነበር። መጀመሪያ የስድስት ወር ሞርጌጅ ለይተን አስቀመጥን። ከዚያ እኔ ያለ ደመወዝ የሦስት ወር ፈቃድ ወሰድኩ። ለእኔ ከሁሉ የከበደው ጥቅም ይሄ ነው፤ ቤት መሆን። በየቀኑ ጧትና ማታ እጁን አብሬው አሠራሁት። ሜዲኬር በጂፒ ዕቅድ የሚረዳው በዓመት አምስት የፊዚዮና የመሳሰለው ቀጠሮ ነው፤ ስትሮክ ላለበት ሰው ይህ ምንም አይደለም። ትርፉን በግል ከፈልን። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ መያዣ ብረት አስገጠምን። ገንዘብ መጣ ሲባል አዲስ አበባ ቦታ ግዙበት ያሉን ነበሩ። በፍቅር ነው ያሉት፣ አውቃለሁ። ግን ማገገም ረጅም ነው፤ የመጀመሪያውን ዓመት ገንዘቡን ለሌላ ነገር አትንኩ።

ክሌሙን ከከለከሏችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። ቅሬታ አስገቡ፤ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ሊሰጧችሁ ይገባል። ካልተስማማችሁ አፍካ የሚባለው የፋይናንስ ቅሬታ ሰሚ አለ። በነጻ ነው፣ ስልኩ 1800 931 678።

ትራውማ የሌላችሁ ደግሞ ሱፐራችሁን (የጡረታ ቁጠባችሁን) ፈትሹ። ብዙ ሱፐር ውስጥ ለዘለቄታው መሥራት ላልቻለ ሰው የሚከፍል ሽፋን አለ፤ አንዳንዱ ላይ የገቢ መተኪያም አለ። ተቀጥራችሁ የሠራችሁበትን የድሮ ሱፐር ሁሉ በማይጎቭ (በመንግሥት የኢንተርኔት አገልግሎት) በኩል ማየት ትችላላችሁ። 16 ወር ገንዘብ ያልገባበት ከሆነ ግን ሽፋኑ ተቋርጦ ሊሆን ይችላል። ታማሚው ከ65 ዓመት በታች ከሆነና ጉዳቱ ዘላቂ ከሆነ ስለ ኤንዲአይኤስ (የመንግሥት የአካል ጉዳተኞች ድጋፍ) የሆስፒታሉን ሶሻል ወርከር ጠይቁ፤ ከሆስፒታል ሳትወጡ። ስለ ማገገሙ ራሱ ስትሮክላይን የሚባለው የስልክ ምክር አገልግሎት በ1800 787 653 ያማክራል።

እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ልጆቻችሁን አታስተርጉሙ። ልጄ 13 ዓመቷ ነው፤ አንዴ አስተረጎምኳትና ሌሊቱን ሳትተኛ አደረች። የመንግሥት የስልክ አስተርጓሚ አገልግሎት ጋ በ131 450 ደውሉ፣ «አማሪክ» በሉ፣ ከዚያ የምትፈልጉትን መሥሪያ ቤት ስልክ ስጧቸው። አስተርጓሚው መስመር ላይ ሆኖ ያገናኛችኋል።