ክረምት ላይ ወንዶ ገነት ጫካ ውስጥ ፀጥ ያለ የድንኳን ቦታ እንዴት ይገኛል

ከሀዋሳ ወጣ ብሎ ድንኳን ተክሎ ማደር ለሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ሚመጣለት ወንዶ ገነት ነው፣ ፍልውሃውም አለ ጫካውም አለ፣ ችግሩ ሁሉም ሰው እዛው ነው ሚሄደው። ቅዳሜና እሁድ ፍልውሃው አካባቢ ዘፈኑ፣ መኪናው፣ ሰው በሰው ነው። ሐምሌ 19 የገብርኤል ንግስ ሰሞን ደግሞ ሀዋሳ ራሷ በእንግዳ ትሞላለች፣ ትራንስፖርቱም ይጨናነቃል። ስለዚህ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ሂዱ፣ እንደኔ ከቦታው በላይ ቀኑ ነው ፀጥታውን ሚሰጣችሁ።

በጠዋት በሻሸመኔ በኩል ግቡ። ክረምት ላይ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት ነው ሚጀምረው፣ እስከ 6 ሰዓት ድንኳኑ ተተክሎ ቢያልቅ ጥሩ ነው። ግን ዝም ብሎ ገብቶ መትከል የለም፣ የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ ያለበት ጫካ ጠባቂዎች አሉት፣ መጀመሪያ እነሱን ጠይቁ፣ ከዛ ደግሞ የሰፈሩን ሰው። "አባባ፣ እዚህ ብናድር ችግር አለው?" ብላችሁ በአክብሮት ከጠየቃችሁ የቱ ጋ ጎርፍ እንደሚወርድ፣ የቱ ጋ ጅብ እንደሚመላለስ ራሳቸው ይነግሯችኋል፣ ይሄን ማንም ማፕ ላይ አታገኙትም። አካባቢውን ሚያውቅ ልጅም አብሯችሁ ቢሄድ አሪፍ ነው፣ ክፈሉት ደግሞ።

ቦታ ስትመርጡ ከፍልውሃው ራቅ ብላችሁ ወደ ላይ ውጡና ዝም ብላችሁ ቁጭ በሉ፣ ትንሽ አዳምጡ። የመጥረቢያ ድምፅ ከተሰማ፣ ወይ መንገዱ ላይ ትኩስ የከብት እበት ወይ የአህያ ፋንድያ ካለ፣ እሱ መንገድ ንጋት ላይ እንጨት ሚለቅምና ውሃ ሚቀዳ ሰው ሚያልፍበት ነው፣ እናንተም አትተኙም እነሱንም ትረብሻላችሁ፣ ስለዚህ ከመንገዱ ገባ በሉ። የወንዙ ድምፅ ደስ ይላል ብላችሁ ግን ሸለቆ ውስጥ እንዳትተክሉ!! እዚህ ባይዘንብም ላይኛው ተራራ ከዘነበ ደራሽ ጎርፍ ይመጣል። ትንሽ ተዳፋት ያለው ከፍ ያለ ቦታ ይሻላል፣ ደረቅ ቅርንጫፍ የተንጠለጠለበት ትልቅ ዛፍ ስር ደግሞ በፍፁም።

ዛፍ አትቁረጡ እባካችሁ፣ ያ ጫካ የጉሬዛው ቤት ነው፣ ትንሽ የጋዝ ምድጃ ይበቃል። ምግብ ድንኳን ውስጥ አታሳድሩ፣ ቀን ዝንጀሮ ማታ ጅብ ይስባል።

ወንዶ ገነት ከሞላባችሁ ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ልደር እንዳትሉ፣ ጉማሬ ማታ ለግጦሽ ይወጣል። ትርፍ ቀን ካላችሁ ባሌ ተራሮች ፓርክ ዲንሾ ሂዱ፣ የካምፕ ቦታ አለው፣ ብርዱ ግን እንደ ሀዋሳ አይደለምና ወፍራም ብርድ ልብስ ያዙ።