የጓሮ ባህር ዛፍን በራስ መጋዝ ጣውላ ማድረግ

ባህር ዛፍ ከማገዶና ከአጣና አያልፍም የሚል ሰው ብዙ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ማገዶ ሲያጥራት የመጣ ዛፍ ስለሆነ ስሙ እዚያው ቀረ። ግን ያልፋል። 20 ዓመት የቆየ ወፍራም ግንድ ካላችሁ በር፣ መደርደሪያ፣ አልጋ የሚሆን ጣውላ ከራሳችሁ ጓሮ ይወጣል። መሰንጠቁ ያን ያህል አይከብድም። የሚያስቸግረው የእንጨቱ ውጥረት ነው።

ባህር ዛፍ ቶሎ ያድጋል። ሲያድግ የውጪው እንጨት እንደተሳበ፣ መሃሉ ደግሞ እንደታመቀ ይቆያል። ዛፉ ቆሞ እያለ አንዱ ሌላውን ስለሚይዘው ምንም አይታይም፤ ሲቆረጥ ግን ይፈታል። የግንዱ ጫፍ ቋ ብሎ ሲሰነጠቅ የሰማ ሰው ያውቀዋል። እኔ መጀመሪያ ስሞክር ከአንድ ጎን ብቻ እየገፈፍኩ 4 ጣውላ አወጣሁ። አራተኛው ሲላቀቅ ጫፉ እንደ ደጋን ወደ ውጭ ተቀለበሰ፣ የቀረው ግንድም ጎበጠ። 3 ሜትር የሚያምር ግንድ ማገዶ ሆነ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ስለዚህ ከአንዱ ጎን አንድ ወይም ሁለት ካወጣችሁ በኋላ ግንዱን ገልብጡትና ከተቃራኒው ጎን ያንኑ ያህል አውጡ። እንዲህ እያፈራረቃችሁ ወደ መሃል ግቡ። እምብርቱ ያለበትን መካከለኛ ክፍል ለጣውላ አትመኙት፣ መሰንጠቁ አይቀርም።

ከመቁረጣችሁ በፊት ግን የወረዳችሁን ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፣ በተለይ ጣውላውን በመኪና የምታጓጉዙ ከሆነ። ዋንዛ፣ ጽድ፣ ዝግባ ወይም ኮሶ ከሆነማ ሳትጠይቁ መጋዝ እንዳታነሱ።

ግንዱ ቀጥ ያለ፣ የቀጭኑ ጫፉ ውፍረት ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ይሁን። የተጠማዘዘ ግንድ ጣውላውም ይጠማዘዛል፣ ተዉት። በቆረጣችሁበት ቀን ሁለቱንም ጫፍ ወፍራም ቀለም ደጋግማችሁ ቀቡት፣ ውሃው በጫፍ በኩል ቶሎ እንዳይወጣ ነው። ከዚያ ሳትቆዩ ሰንጥቁት። የጓሮ ዛፍ ከሆነ ለልብስ ማስጫ የተመታ ሚስማር ወይም ሽቦ ውስጡ ሊኖር ይችላል፣ ቅርፊቱን ልጣችሁ በደንብ እዩት።

ለጀማሪ ርካሹ መንገድ ቼይንሶው (በሞተር የሚሠራ የሰንሰለት መጋዝ) ላይ የሚታሰር የመሰንጠቂያ ፍሬም ነው። ሞተሩ 70 ሲሲ አካባቢና ከዚያ በላይ ቢሆን ይሻላል፣ ትንሹ ይሞቅና ያልቃል። ለመቁረጫ የሚሞረደው ሰንሰለት ለስንጠቃ አይመችም፤ የጥርሱን የስለት ማዕዘን በሞረድ ወደ 10 ዲግሪ አምጡት፣ ልዩነቱን እጃችሁ ላይ ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ግን እወቁ፦ ሰንሰለት በአንድ ጉዞ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበላል። 10 ጊዜ ስታልፉ 8 ሳንቲ ሜትር እንጨት ሰጋቱራ ሆነ ማለት ነው። ትንሽ ባንድሶው (ቀጭን የጥብጣብ ምላጭ የሚዞርበት መጋዝ) ግን 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚበላው። ብዙ ግንድ ያለው ሰው ከጎረቤት ጋር ተዋጥቶ ባንድሶው ቢገዛ ያዋጣዋል።

ዋናው የመጀመሪያው ጉዞ ነው። እሱ ከተጣመመ ሌላው ሁሉ ይጣመማል። ግንዱን ሁለት ወፍራም እንጨት ላይ አስቀምጡ፣ እንዳይንከባለል በሽብልቅ ያዙት። ላዩ ላይ ቀጥ ያለ ጣውላ ወይም የብረት መሰላል እሰሩ፣ ሲባጎ ወጥራችሁና ውሃ ልክ አስቀምጣችሁ አስተካክሉት፣ ፍሬሙ በሱ ላይ ይንሸራተታል። ከዚያ በኋላ የተቆረጠው ፊት ራሱ መንገድ ይሆናል። መጋዙ ወደፊት ሲሄድ ከኋላው በየሜትሩ ቀጭን የእንጨት ሽብልቅ አስገቡ፣ አለዚያ ክፍተቱ ተጋጥሞ መጋዙን ይነክሰዋል። የዓይን መነጽር፣ የጆሮ መከላከያና ጭምብል አይቅሩ፤ ጋቢም ሆነ ነጠላ ትከሻ ላይ አይኑር። ብቻችሁንም አትሥሩ።

5 ሳንቲ ሜትር ጣውላ ከፈለጋችሁ 5.5 አውጡ፣ ባህር ዛፍ ሲደርቅ በጣም ይቀንሳል።

ብዙ ሰው የሚያበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። ጣውላውን ፀሐይ ላይ ዘርግቶ በሳምንት ውስጥ ይሰነጥቀዋል። ጥላ ውስጥ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ደርድሩት። በየድርድሩ መካከል በየ40 ሳንቲ ሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ደረቅ ዘንጎች አጋድሙ፣ ከታች እስከ ላይ በአንድ መስመር ይሁኑ። ላዩ ላይ ከባድ ድንጋይ ጫኑ፣ በቆርቆሮ ሸፍኑ፣ ጎኑ ግን አየር ያግኝ። 2.5 ሳንቲ ሜትር ጣውላ ዓመት ገደማ ይፈልጋል። መድረቁን ለማወቅ አንዱን ምልክት አድርጉበትና በየ15 ቀኑ በሚዛን መዝኑት፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ቤት አስገቡት። ከዚያ ወዲያ ሚስማር ስትመቱ ቀድማችሁ በድሪል ብሱት፣ የደረቀ ባህር ዛፍ ዝም ብሎ ሚስማር አይቀበልም።