ካሴትና ሸክላ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ከካሴት ወይም ከሸክላ የተገለበጠ ሙዚቃ በጥሩ ድምፅ ማጉያ ሲከፈት ቅር ካሰኘዎት፣ የድምፅ ማጽጃ ፕሮግራም ከመክፈትዎ በፊት ወደ ማጫወቻው ይመለሱ። አብዛኛው ጉድለት የሚገባው ድምፁ ኮምፒውተር ከመድረሱ በፊት ነው። እዚያው ካልታረመ፣ ኋላ በፕሮግራም የሚደረግ ጥገና ሙዚቃውንም አብሮ ይሸርፋል።

የካሴቱ ድምፅ ታፍኗል

በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ቆሻሻ ነው። በሄዱ (ክሩን በሚነካውና ድምፁን በሚያነበው ክፍል) ላይ ቡናማ ብናኝ ካዩ ጥጥ በአይሶፕሮፒል አልኮል አርጥበው ይጥረጉት። ቀጥሎ የዶልቢ (የካሴትን «ሽሽ» የሚል ድምፅ የሚቀንስ ዘዴ) ቁልፉን ይመልከቱ፤ ያለ ዶልቢ የተቀዳ ካሴት በዶልቢ ሲጫወት ይታፈናል፣ በዶልቢ የተቀዳው ያለ ዶልቢ ሲጫወት ደግሞ ድምፁ ይሾላል፣ «ሽሽ» የሚለውም ይበዛል።

ሁለቱም ደህና ከሆኑ ጥፋቱ ከሄዱ አቋቋም ነው። በሄዱ ፊት ያለው ቀጭን ክፍተት ከክሩ ጉዞ ጋር ልክ 90 ዲግሪ መሥራት አለበት። ካሴቱን የቀዳው ቴፕ ሄዱ ጥቂት ያዘነበለ ከነበረ፣ የእርስዎ ማጫወቻ ትክክል ቢሆንም እንኳ ቀጫጭኖቹ ድምፆች ይጠፋሉ። ከሄዱ ጎን ካሉት ብሎኖች ስፕሪንግ ያለበትን ይፈልጉና የነበረበትን ቦታ በቀለም ምልክት ያድርጉበት። ግራና ቀኙን ወደ ሞኖ አዋህደው እያዳመጡ፣ በትንሽ ካቻቢቴ በጣም በጥቂቱ ወዲያና ወዲህ ያዙሩት። ሞኖ ያስፈለገው ሄዱ ሲያዘነብል ሁለቱ ቻናሎች በጊዜ ስለሚቀዳደሙና ሲዋሃዱ ቀጭኑ ድምፅ ስለሚጣፋ ነው። ጸናጽሉ ድንገት ጥርት ብሎ የሚወጣበት አንድ ነጥብ አለ፤ እዚያ ላይ ያቁሙ። ለእያንዳንዱ ካሴት መድገሙ ያሰለቻል፤ በእኔ እምነት ግን ውድ የድምፅ ካርድ (ድምፁን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ መሣሪያ) ከመግዛት ይልቅ ይህ ይጠቅማል።

የሸክላው ድምፅ ደካማና ባስ የሌለው ነው

የፎኖ ማጉያ አልተገናኘም ማለት ነው። ከተለመደው የሸክላ መርፌ የሚወጣው 5 ሚሊቮልት አካባቢ ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ ሸክላው ሲቀረጽ ባሱ ተቀንሶ ትሬብሉ ይጨመራል። ፎኖ ማጉያው ሁለቱንም ያስተካክላል። በተቃራኒው ድምፁ ከተሰነጣጠቀና ባሱ ካጥለቀለቀ ማጉያው ሁለት ጊዜ ገብቷል፤ የማጫወቻውን ማብሪያ ከ«ላይን» ወደ «ፎኖ» ይመልሱ ወይም በመሣሪያው ላይ ያለውን ማስገቢያ ይቀይሩ።

ዝቅ ያለ የማያቋርጥ ጉምጉምታ

የላፕቶፑን ቻርጀር ይንቀሉ። ጉምጉምታው ከጠፋ መንስኤው በመሣሪያዎቹ መካከል የተፈጠረ የግራውንድ ዑደት (መሣሪያዎቹ ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ ከመሬት ጋር ሲገናኙ የሚመጣ ረብሻ) ነው፤ በባትሪ ይቅዱ ወይም ሁሉንም ከአንድ ማከፋፈያ ይሰኩ። ካልጠፋ ከሸክላ ማጫወቻው የሚወጣው ቀጭን የግራውንድ ሽቦ በማጉያው ላይ መታሰሩን ይዩ። መርፌውን የተሸከመውን ክንድ ሳያሳርፉ በእጅዎ ከሸክላው በላይ ሲያንቀሳቅሱት ጉምጉምታው ከፍና ዝቅ ካለ፣ አጠገቡ ያለ ትራንስፎርመር እየረበሸው ነውና ያራርቁ።

ድምፁ ከፍ ሲል ይሰነጣጠቃል

በመቅጃው ፕሮግራም የሚታየውን የድምፅ ሞገድ አጉልተው ይመልከቱ። ጫፎቹ እንደ ተቆረጠ ጉቶ ጠፍጣፋ ከሆኑ ያ ድምፅ አይመለስም፤ ከፍተኛው ቦታ ከ−6 ዴሲቤል እንዳያልፍ ቀንሰው እንደገና ይቅዱ። በ24 ቢት ከቀዱ ዝቅ ብሎ መቅዳት አያሳስብም። መለኪያው ዜሮ ሳይደርስ ጫፎቹ ከጠፈጠፉ ገመዱ የተሰካው በማይክሮፎን ቀዳዳ ሊሆን ይችላል፤ የላይን ማስገቢያ ወይም በዩኤስቢ የሚሠራ የድምፅ ካርድ ይጠቀሙ።

አንዱ ቻናል ጠፍቷል

የግራና የቀኙን ገመድ በድምፅ ካርዱ በኩል ያለዋውጡ። ዝምታው ወደ ሌላው ከዞረ ችግሩ ከገመዱ ወይም ከማጫወቻው ነው፤ ካልዞረ ከድምፅ ካርዱ ነው።

አጫጭር ቅጭታዎች

ያንኑ ክፍል ሁለቴ ይቅዱ። ቅጭታው በአንድ ቦታ ከተደገመ ከሸክላው ነው፤ ያጥቡት። ቦታ ከቀየረ ኮምፒውተሩ መረጃውን በጊዜ እየተቀበለ አይደለም፤ የድምፅ ካርዱን ያለ ዩኤስቢ ማከፋፈያ በቀጥታ ከኮምፒውተሩ ይሰኩ፣ ሌሎች ፕሮግራሞችን ይዝጉ፣ በመቅጃው ፕሮግራም የበፈሩን (ድምፁ ለጊዜው የሚጠራቀምበትን ቦታ) መጠን ያሳድጉ።