የቀይ የደም ሴልን ቅርጽ በሆሎግራፊክ ማይክሮስኮፕ መለካት፦ በድሬዳዋ ሙቀት ለሚሠሩ

ቀይ የደም ሴል ብርሃን አሳላፊ በመሆኑ፣ ቀለም ሳይነካው በተራ ማይክሮስኮፕ ሲታይ ጠርዙ እንጂ ውፍረቱ አይለይም። ሆሎግራፊክ ማይክሮስኮፕ ግን የሌዘርን ጨረር ለሁለት ከፍሎ አንዱን በናሙናው ውስጥ፣ ሌላውን ከናሙናው ውጭ ይልካል፤ ሁለቱ ካሜራው ላይ ተገናኝተው ከሚሠሯቸው የብርሃንና የጥላ መስመሮች፣ ጨረሩ በሴሉ ሲያልፍ ምን ያህል እንደዘገየ በኮምፒውተር ይሰላል።

ድሬዳዋ ላይ ከመሣሪያው ይልቅ የሚያስቸግረው ናሙናውን መጠበቅ ነው። በከተማዋ ሙቀት ስላይድ ላይ ያረፈው ፈሳሽ ቶሎ ይተንና ጨውነቱ ይጨምራል፤ ሴሉም ውሃውን ሲያጣ ተጨማድዶ እሾሃማ ይሆናል፤ ይህን ያላስተዋለ ሰው ስላይዱ ላይ የተፈጠረውን ለውጥ የታካሚው ሕመም አድርጎ ሊመዘግበው ይችላል። ስለዚህ ልኬቱ በማለዳ ቢከናወን ይመረጣል (ባጃጁ ከመብዛቱ በፊት ስለሆነ፣ መስመሮቹን የሚያደበዝዘው የጠረጴዛ ንዝረትም ይቀንሳል)።

ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኢዲቲኤ ባለበት ቲዩብ የተቀዳው ደም ሳይቆይ፣ 5 ማይክሮሊትሩ በ1 ሚሊሊትር የ0.9 በመቶ ሳላይን (የጨው ውሃ) ይበረዛል። መስታወቱ ራሱ ሴሉን እሾሃማ ሊያደርገው ስለሚችል ጥቂት አልቡሚን (የደም ፕሮቲን) መጨመር ይገባል። ናሙናው ከተሸፈነ በኋላ ዳር ዳሩ በቫዝሊን ይታሸግ፤ ሴሎቹ እስኪረጉም ጥቂት ደቂቃ ይጠበቅ። በመጀመሪያ ሴል የሌለበት ቦታ ይቀረጽ፤ የሌንሱና የመስታወቱ ጉድለት የሚቀነሰው በዚያ ምስል ነውና።

ውፍረቱን ለማግኘት በራዲያን (በማዕዘን መለኪያ) የተነበበው የብርሃኑ ሞገድ መዘግየት (phase delay) በሌዘሩ የሞገድ ርዝመት ይባዛል፤ ከዚያም በ6.28 እና በሴሉና በሳላይኑ የስብረት ኢንዴክስ (ብርሃንን የማዘግየት አቅም መለኪያ) ልዩነት ይካፈላል። ሌዘሩ 633 ናኖሜትር፣ የሴሉ ኢንዴክስ 1.40፣ የሳላይኑ 1.335 ቢሆን፣ 2.5 ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው የሴል ጠርዝ 1.6 ራዲያን ገደማ ያዘገያል። ይህ ከአንድ ሙሉ ዙር (6.28 ራዲያን) በብዙ ስለሚያንስ፣ በምስሉ ላይ ድንገተኛ ዝላይ ከታየ የተደራረቡ ሴሎችን ወይም አቧራን መጠርጠር ይገባል። የጤናማ ሴል ስፋት ከ7 እስከ 8 ማይክሮሜትር ሲሆን፣ የጎደጎደው መሐሉ 1 ማይክሮሜትር ገደማ ውፍረት አለው።

1.40 የሚለው ቁጥር ግን በሴሉ ውስጥ ባለው የሄሞግሎቢን ክምችት ይወሰናል። የብረት እጥረት ባለበት ሰው ክምችቱ ስለሚቀንስ ብርሃኑ ብዙም አይዘገይም፤ ስሌቱም ሴሉን ከእውነቱ ይልቅ ስስ ያስመስለዋል። ከውፍረቱና ከስፋቱ የተገኘውን አማካይ የሴል መጠን፣ የደም ሴሎችን የሚቆጥረው የሲቢሲ ማሽን ከሚሰጠው አማካይ የሴል መጠን (ኤምሲቪ) ጋር ማነጻጸር ይህን ስህተት ቶሎ ያጋልጣል፤ ሁለቱ በሰፊው ከተራራቁ፣ ያንኑ ሴል የስብረት ኢንዴክሳቸው በሚለያይ፣ ውሃ የመሳብ ኃይላቸው ግን እኩል በሆነ ሁለት ፈሳሾች ውስጥ በየተራ ለክቶ ውፍረቱንና ኢንዴክሱን ለየብቻ ማስላት ያስፈልጋል።