ጥናቱን ማን ከፈለበት? የጸጥታ ቲንክ ታንኮችን ስንጠቅስ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ስለ ቀይ ባሕር፣ ስለ ዓባይ ወይም ስለ ሱዳን ድንበር የሚጻፍ የመመረቂያ ጽሑፍ የውጭ ቲንክ ታንክ (የፖሊሲ ጥናት ተቋም) ሳይጠቅስ አያልፍም። መጥቀሱ ጥሩ ነው። የሚያናድደኝ ጥናቱን ማን እንደከፈለበት ሳይጣራ መጠቀሱ ነው። እዚህ ጎንደር የማማክራቸው ልጆች ጎበዞች ናቸው፤ ያነባሉ፣ ይለፋሉ። ግን እነዚሁ ስህተቶች በየዓመቱ ተመልሰው ይመጣሉ። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ገለልተኛ ተቋም» ብሎ መጻፍ

ይህን ቃል ረቂቅ ላይ ሳይ ንባቤን አቆማለሁ። ማን ነገራችሁ? ብዙ ጊዜ ተቋሙ ስለ ራሱ የጻፈውን መገልበጥ ነው። «መምህር፣ የታወቁ እኮ ናቸው» ይሉኛል። መታወቅ ሌላ፣ ገለልተኛ መሆን ሌላ። የዋሽንግተኑ ብሩኪንግስ ከ1916 ጀምሮ ያለ ስመ ጥር ተቋም ነው። በ2013 ግን ከኳታር መንግሥት በአራት ዓመት የሚሰጥ 14.8 ሚሊዮን ዶላር ለመቀበል ተስማምቷል። የለንደኑ ዓለም አቀፍ የስትራቴጂ ጥናት ኢንስቲትዩት በባሕሬን ዋና ከተማ በማናማ ትልቅ የጸጥታ ጉባኤ ያዘጋጃል። ከባሕሬን ንጉሣዊ ቤተሰብ 25 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ማግኘቱ የታወቀው በ2016 ሾልኮ በወጣ ሰነድ ነው። የአሜሪካው የጥናት ተቋም ራንድ በ1946 ዳግላስ በተባለው የአውሮፕላን ኩባንያ ውስጥ በአሜሪካ ጦር ገንዘብ ተጀመረ፤ በ1948 ራሱን ቻለ። ዛሬም አብዛኛው ገቢው ከአሜሪካ መንግሥት ነው።

ይህ ሁሉ ነውር ነው እያልኩ አይደለም። አንባቢያችሁ ግን የማወቅ መብት አለው። «ገለልተኛ» የሚለውን ሰርዙና «በእነ እገሌ የሚደገፍ» ብላችሁ ጻፉ። ከአንድ መስመር አይበልጥም።

የመጨረሻውን ገጽ አለመክፈት

ሰው ሁሉ መግቢያውንና ማጠቃለያውን አንብቦ ይዘጋል። ዋና ቢሮው ፕሪቶሪያ የሆነው፣ አዲስ አበባም ቢሮ ያለው የጸጥታ ጥናት ተቋም አይኤስኤስ፣ ሪፖርቶቹ ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል ምስጋና ያሰፍራል። ሃንስ ዛይደል ፋውንዴሽን፣ የአውሮፓ ኅብረት፣ የዴንማርክ፣ የኖርዌይና የስዊድን መንግሥታት እያለ ይዘረዝራል። የተደበቀ ነገር የለም። ገጹን የሚገልጥ ነው የጠፋው።

ገልጣችሁም የመጀመሪያው ስም ላይ አትቁሙ። «ፋውንዴሽን» ሲባል የአንድ ሀብታም ቤተሰብ ገንዘብ የሚመስለው ብዙ ነው። ሃንስ ዛይደል ጀርመን ውስጥ ከባቫሪያው የሲኤስዩ ፓርቲ ጋር የተሳሰረ ነው። ኮንራድ አደናወር ከሲዲዩ ፓርቲ፣ ፍሪድሪክ ኤበርት ከሶሻል ዴሞክራቶቹ ጋር። የሦስቱም ገንዘብ በአብዛኛው ከጀርመን መንግሥት በጀት ይወጣል።

በስም መታለልም አለ። የአፍሪካ ስትራቴጂያዊ ጥናቶች ማዕከል የሚባለው በ1999 የተቋቋመው በአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ሥር ነው፤ መቀመጫውም ዋሽንግተን ነው። ተቋሙ ራሱ በግልጽ ይናገራል። አንድ ረቂቅ ላይ ግን «የአፍሪካውያን ድምፅ» ተብሎ ቀርቦልኛል።

«የእገሌ ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ ውሸት ነው»

ይህ ከመጀመሪያው ይብሳል፤ ስንፍናን ንቃት አስመስሎ ያቀርባል። የአሜሪካው ኩዊንሲ ኢንስቲትዩት በ2019 ሲቋቋም ከግራ የቢሊየነሩ የጆርጅ ሶሮስ፣ ከቀኝ የቢሊየነሩ የቻርልስ ኮክ ድርጅቶች አብረው ገንዘብ ሰጥተውታል። የሶሮስ ነው ብሎ የጣለው ሰው የኮክን ምን ሊያደርገው ነው? ከፋዩን ማወቅ ጥናቱን ለማንበብ መዘጋጃ ነው። ንባቡን አይተካም።

ገንዘብ መልስ ሲያጣምም በግልጽ የምታዩት ጥቂት ጊዜ ነው። ጥያቄ ሲመርጥ ግን ሁልጊዜ ታዩታላችሁ። ሩቅ ሳንሄድ መተማን እንውሰድ። የአውሮፓ ኅብረት በኖቬምበር 2015 ማልታ፣ ቫሌታ ላይ ለአፍሪካ የአስቸኳይ ጊዜ ፈንድ አቋቋመ። ዓላማው ተጽፎ የተቀመጠ ነው፤ መደበኛ ያልሆነ ስደትን ከመንስኤው መቀነስ። ፈንዱ ለጥናትም ይከፍል ነበር። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቼ የሚጠቅሱልኝ የመተማ ጥናት ስለ ደላላና ስለ ካርቱም መንገድ ብቻ ሆነ። በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ጎንደር መናኸሪያ የቆመ ሰው ግን ወደ መተማ ማን እንደሚሳፈር ያያል። ማጭዱን በጆንያ ጠቅልሎ የያዘ የቀን ሠራተኛ ነው። አንድ ተማሪዬ የዚያው የመተማ ልጅ ነው። ረቂቁ ላይ የገዛ ከተማውን «የስደተኞች መተላለፊያ» ብሎ አለፋት።

«አባትህ ምን ይሠራሉ?» አልኩት።

«ሰሊጥ ያርሳሉ መምህር።»

ረቂቁ ውስጥ ሰሊጥ የሚል ቃል አልነበረም። የጠቀሳቸው ጥናቶች አልዋሹም። ስለ ሰሊጥ እንዲጠየቅ የከፈለ ግን አልነበረም።

ሌላው ዝምታ ነው። በ2014 ኒው ዮርክ ታይምስ ባወጣው ምርመራ፣ በብሩኪንግስ የዶሃ ማዕከል የሠራ አንድ ምሁር የኳታርን መንግሥት የሚነቅፍ አቋም እንዳይዝ እንደተነገረው ገልጿል። ብሩኪንግስ ለጋሾች በጥናታችን ላይ ሥልጣን የላቸውም ብሎ አስተባብሏል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ማንም ምንም መናገር አያስፈልገውም። ወጭት ሰባሪ መባል የሚፈልግ የለም። ስለዚህ ያልተጻፈውንም ፈልጉ። ተቋሙ ስለ ከፋዩ አገር ባለፉት አምስት ዓመታት ምን አሳተመ? ስለ ጎረቤቱስ?

ቁጥር ላይ መሳት

የዋሽንግተኑን አትላንቲክ ካውንስል የመሳሰሉ ተቋማት ለጋሾቻቸውን በእርከን ነው የሚዘረዝሩት፤ ለምሳሌ «ከ100,000 እስከ 249,999 ዶላር»። ከፍተኛውን ቁጥር ወስዳችሁ አትደምሩ። ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ለየብቻ ደምሩና ሁለቱንም አስቀምጡ።

የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅቶች በየዓመቱ ለግብር መሥሪያ ቤቱ የሚያስገቡት ፎርም 990 ፕሮፐብሊካ በተባለው የምርመራ ዜና ተቋም ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል። ጠቅላላ ገቢውንና የኃላፊዎቹን ደመወዝ ታገኛላችሁ። የለጋሾችን ስም ግን ድርጅቱ ለሕዝብ የማሳየት ግዴታ ስለሌለበት እዚያ አትፈልጉ።

የተሻረ አዋጅ መጥቀስ

በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው 10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብትና በግጭት አፈታት እንዳይሠራ ይከለክል ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ሽሮታል። ዛሬም «10 በመቶ» እያላችሁ አትጻፉ።

ተቋም ለማቋቋም ለምታስቡ

ከተመረቁ በኋላ እዚሁ ጎንደር የጥናት ማዕከል እንክፈት የሚሉ ልጆች ይመጣሉ። ደስ ይለኛል፤ ከልቤ። ድንበሩን የሚያውቅ ሰው ስለ ድንበሩ ይጻፍ። ዕቅዳቸው ላይ ግን ለጋሹ አንድ ብቻ ነው። የአሜሪካ የሰላም ኢንስቲትዩት በ1984 በኮንግረስ የተቋቋመ፣ በጀቱም ከኮንግረስ የሚመጣ ነው። በማርች 2025 ሠራተኞቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ተሰናበቱ። እንዲህ ያለው ተቋም ከተናጋ በአንድ የፕሮጀክት ውል የቆመ ማዕከል አንድ ደብዳቤ ይበቃዋል።

ሁለተኛ፣ የድጋፉን ዓይነት ለዩ። የስዊድኑ የሰላም ጥናት ተቋም ሲፕሪ ከመንግሥቱ መደበኛ ዓመታዊ ድጋፍ ያገኛል፤ በዚያ የራሱን ጥያቄ መምረጥ ይችላል። የፕሮጀክት ገንዘብ ጥያቄውን ይዞ ይመጣል። የኮንትራት ገንዘብ ደግሞ አንዳንዴ የኅትመት መብቱንም ይወስዳል። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ለጋሹ ረቂቁን አስቀድሞ ያያል? አስተያየቱ ምክር ነው ወይስ ግዴታ? ግኝቱን ባይወደው ማተም እንችላለን? መልሱን በቃል አትቀበሉ፤ ውሉ ላይ ይስፈር።