በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ እየኖሩ ሥራ ለሚፈልጉ

በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ ወይም በቂሊንጦ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሥራ ፈላጊ ማስታወቂያ ሲያነብ ከደመወዙ አስቀድሞ ሊመለከት የሚገባው «የሥራ ቦታ» የሚለውን መስመር ነው። ይህን የምለው ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጠርኩ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ከኮዬ ፈጬ ወጥቼ ሰልፍ እይዛለሁ፤ እስከ ሳሪስ አንድ ታክሲ፣ ከሳሪስ እስከ ስታዲየም ሌላ፣ ከዚያ ወደ ፒያሳ ሦስተኛ። ማታ ደግሞ ታክሲዎቹ መንገዱን እየቆራረጡ ስለሚጭኑ ሦስቱ አራት ይሆኑ ነበር። የመጀመሪያ ደመወዜን የተቀበልኩ ዕለት የትራንስፖርቱንና የምሳውን ወጪ በደብተር ላይ ደምሬ ስቀንሰው፣ የቀረልኝ ገላን ካለ መጋዘን ቀርቦልኝ «ያንሳል» ብዬ ከተውኩት ሥራ ሊተርፈኝ ይችል ከነበረው በታች ሆኖ አገኘሁት።

ስለዚህ ስሌቱን ከመቀጠርዎ በፊት ይሥሩ። በመጀመሪያ የተነገረዎት ደመወዝ የተጣራ ይሁን ያልተጣራ ለይተው ይጠይቁ፤ ያልተጣራ ከሆነ የሥራ ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይቀነሱበታል። ቀጥሎ የመንገድ ወጪውን ያውጡ፤ ለምሳሌ በቀን ደርሶ መልስ 120 ብር የሚከፍል ሰው በ26 የሥራ ቀናት 3,120 ብር ያወጣል። ድርጅቱ ሰርቪስ አለው ከተባለ «አለ» በሚለው መልስ ብቻ አይርኩ፤ የመጨረሻው መጫኛ የት እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሚያልፍ፣ ትርፍ ሰዓት ሠርቶ የሚያመሽ ሠራተኛ በምን እንደሚመለስ ይጠይቁ። ቃሊቲ ላይ የሚያወርድ ሰርቪስ ለቃሊቲ ነዋሪ ነው እንጂ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ወደ ኮዬ ፈጬ ታክሲ ለሚጠብቅ ሰው ችግሩን አያቃልለውም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ግን የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ በሰፈርዎ ማለፉን ያጣሩ፤ ካለፈ አነስተኛ የሚመስለው ደመወዝ ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል።

በዚህ አቅጣጫ የሚኖር ሰው ፍለጋውን ከቅርቡ ቢጀምር መልካም ነው። የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የአቃቂና የቃሊቲ ፋብሪካዎችና መጋዘኖች፣ ገላን፣ ከዚያም ዱከም የሚገኘው የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ሁሉም ወደ መሀል ከተማው ሰልፍ ሳይገቡ የሚደረስባቸው ናቸው። ጋዜጣና ቴሌግራም ላይ የማይወጣ ክፍት የሥራ ቦታ በፋብሪካ በር ላይ ተለጥፎ ሊገኝ ስለሚችል፣ በሳምንት አንድ ማለዳ መድቦ በሮቹን መዞር አያስቆጭም። «የማይመለስ ፎቶ ኮፒ ከዋናው ጋር» የሚለውን ስለሚያውቁት ሁለት ስብስብ ይዘው ይውጡ። በመንገድ ላይ «አስገባሃለሁ» ብሎ ቅድሚያ ገንዘብ ለሚጠይቅ ሰው ግን ምንም አይክፈሉ።

ብዙ ሰው ሳያስብበት የሚያልፈው ጉዳይ የተያዥ ነው። ለገንዘብ ያዥነት፣ ለንብረት ክፍል፣ ለሽያጭና ለሾፌርነት አሠሪዎች ዋስ ይጠይቃሉ፤ ቃለ መጠይቁን አልፎ ዋስ በማጣት ብቻ ሥራው ያመለጠውን ሰው በቅርብ አውቃለሁ። ስለዚህ ማመልከቻ ከማስገባትዎ በፊት ማንን እንደሚጠይቁ ይወስኑ፤ ለአጎትዎም ሆነ ለጎረቤትዎ የሚፈርሙት ምን እንደሆነ በግልጽ ያስረዷቸው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1922 ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተገለጸ የዋስትናው ውል እንደማይጸና ይደነግጋል። ይህን መጠን በወረቀቱ ላይ እንዲሰፍር መጠየቅ ለተያዥዎ የሚገባ ክብር ነው፤ ሥራውን ሲለቁም የዋስትና ማውረጃ ደብዳቤ ተቀብለው ለእርሳቸው ማድረስ የእርስዎ ግዴታ ነው።

ከተቀጠሩ በኋላ የሚያሳስበኝ የወረቀቱ ነገር ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ የለበትም፤ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገም አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ዝርዝር የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። የመጀመሪያው ወር ሳያልፍ የጡረታ መለያ ቁጥርዎን ይጠይቁ፤ ከእርስዎ ከሚቆረጠው 7 በመቶ ሌላ አሠሪው 11 በመቶ ስለሚጨምር፣ ገቢ መደረጉን ማወቅ መብትዎ ነው። የደመወዝ መክፈያ ወረቀትዎንም ወር በወር ያስቀምጡ። ከግል ድርጅት የተገኘ የሥራ ልምድ ግብር የተከፈለበት መሆኑ እንዲረጋገጥ ብዙ ቀጣሪዎች ይጠይቃሉና፣ ማስረጃ የሌለው ሦስት ዓመት እንደ ዜሮ ዓመት ሊቆጠር ይችላል። እኔ ራሴ ድርጅቱ ከተዘጋ በኋላ ማኅተም የሚያሳርፍልኝ ሰው ፍለጋ ብዙ ወራት ተንከራትቻለሁ።

ይህ እንዳይደርስብዎ የሥራ ልምድ ማስረጃ ለመጠየቅ እስኪለቁ አይጠብቁ፤ አዋጁ ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ ያለ ክፍያ እንዲሰጠው ያዛል። በየዓመቱ አንድ ማውጣት በቂ ነው። የሙከራ ጊዜዎን ጨርሰው መልቀቅ ሲፈልጉም የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይስጡ፤ የሰጡበትን ቀን የሚያሳይ፣ መዝገብ ቤት የተቀበለበት ቅጂም በእጅዎ ይቅር። በመጨረሻው ቀን ደብዳቤውን ሲረከቡ ከበሩ ሳይወጡ እዚያው ቆመው ያንብቡት፦ ስምዎ በትምህርት ማስረጃዎ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል መጻፉን፣ የሥራ መደቡ፣ የጀመሩበትና የለቀቁበት ቀን፣ ደመወዙና የግብሩ ጉዳይ መጠቀሱን፣ ማኅተሙም ፊርማው ላይ በግልጽ ማረፉን ይመልከቱ። ስህተት ካለ ያንኑ ዕለት ያስተካክሉት።